የብርሃን ቁና፤ የካሜራ ልክና የፊታችን ታሪክ

«በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ይላል የአገራችን ሰው። አባባሉ የተነገረው ስለ ፍርድና ስለ ብድር መመለስ ቢሆንም፣ በውስጡ ያለው ምስል የተወሰደው ከእህል ገበያ ነው። ቁናው ከማን ቤት እንደ መጣ፣ አፉ የሰፋ ወይም የጠበበ መሆኑን፣ ሰፋሪውም አትረፍርፎ ወይም አጉድሎ እንደሚሰፍር ያላወቀ ገበያተኛ፣ ምንም ያህል ጥሩ ጤፍ ይዞ ቢቀርብ ተጎድቶ መመለሱ አይቀርም። የፎቶግራፍ ጥበብም ከሁሉ አስቀድሞ የመስፈር ጥበብ ነው። የሚሰፈረው ብርሃን ሲሆን መስፈሪያው ካሜራ ነው።

ይህ ጽሑፍ የዚህን መስፈሪያ ታሪክ በአጭሩ ይመለከታል። ዓላማው ሁለት ነው። አንደኛው፣ በዛሬው ዲጂታል ካሜራ ላይ የምናገኛቸው ልዩ ልዩ መምረጫዎች ከየት እንደ መጡና ለምስል ጥራት ምን እንደሚያበረክቱ ማስረዳት ነው። ሁለተኛው፣ ቁናው በማን መልክ ልክ እንደ ተበጀና ይህም በእኛ ፊት ላይ ምን እንዳስከተለ ማሳየት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሰዓታት ወደ ሴኮንድ

ፈረንሳዊው ኒሴፎር ኒየፕስ በ1826 ወይም በ1827 ከቤቱ መስኮት የሚታየውን ጣራና ግድግዳ ሬንጅ በተቀባ የብረት ሰሌዳ ላይ ሲያሳርፍ፣ ካሜራው ለብዙ ሰዓታት ተከፍቶ መቆየት ነበረበት። በዚያ ረጅም ጊዜ ውስጥ ፀሐይ ሰማዩን ስላቋረጠች፣ በምስሉ ላይ የግራውም የቀኙም ግድግዳ ብርሃን አግኝቶ ይታያል። የአንድ ቀን ጧትና ከሰዓት በኋላ በአንድ ሰሌዳ ላይ ተደርበው ቀሩ ማለት ነው።

ሉዊ ዳጌር በ1838 ከፓሪስ ጎዳናዎች አንዱን ከፍ ካለ መስኮት ላይ ሆኖ ባነሣ ጊዜ ሰሌዳው ለብርሃን የሚሰጠው መልስ ፈጥኖ ነበር፤ ሆኖም ጥቂት ደቂቃዎች ይፈልግ ነበር። ስለዚህ በጎዳናው ላይ ይተላለፉ የነበሩት ሰዎችና ሠረገላዎች ሁሉ ጠፍተው፣ ጫማውን ለማስጠረግ እግሩን አንሥቶ የቆመ አንድ ሰውና ከእግሩ ሥር ያለው ሊስትሮ ብቻ ቀሩ። በፎቶግራፍ ታሪክ መጀመሪያ ከታዩት ሰዎች መካከል እነዚህ ሁለቱ ይቆጠራሉ። የዳጌር ጥበብ ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ በ1839 ኦገስት 19 ቀን፣ በፓሪስ ለሕዝብ ይፋ ሆነ። ገና ከመነሻው ካሜራ የሚያየው ሁሉ እንደማይቀረጽ፣ የሚቀረጸው በመስፈሪያው ልክ የተገኘው ብቻ እንደ ሆነ ከዚህ እንረዳለን።

በ1851 እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ስኮት አርቸር ኮሎዲዮን በተባለ ንጥረ ነገር የተቀባ የመስተዋት ሰሌዳ አስተዋወቀ። ሰሌዳው ሳይደርቅ መነሣትና መታጠብ ነበረበት። ስለዚህም አንሺው በሄደበት ሁሉ ጨለማ ድንኳንና የመድኃኒት ጠርሙስ ተሸክሞ ይጓዝ ነበር። የእንግሊዝ ጦር በ1867 እና በ1868 ወደ መቅደላ ሲዘምት የመሐንዲሶቹ ክፍል ፎቶግራፍ አንሺዎች አብረው የዘመቱት በዚህ ዓይነት ነበር። ተራሮቹን፣ የጦር ሰፈሮቹንና አምባውን አንሥተዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን በሕይወት ሳሉ የተነሡት የታወቀ ፎቶግራፍ የለም።

ከዚያው ዘመቻ በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር የተወሰደው ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ግን በዚያው በ1868 ዋይት በተባለችው ደሴት በስመ ጥሩዋ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራ ፊት ተቀመጠ። ዕድሜው 7 ዓመት ነበር። ዛሬ ይህን ምስል የሚመለከት ኢትዮጵያዊ ሊያውቀው የሚገባ አንድ የኬሚስትሪ ጉዳይ አለ። የኮሎዲዮን ሰሌዳ የሚያየው ሰማያዊና ከዚያ ወዲያ ያለውን ብርሃን ብቻ ነበር። ለቀይ፣ ለብርቱካንማና ለቢጫ ዕውር ነበር ማለት ይቻላል። የጠይም ፊት ሙቀትና ወዝ ደግሞ የሚገኘው በእነዚሁ ቀለሞች ውስጥ ነው። ስለዚህ የዘመኑ ሰሌዳ ጠይሙን ፊት ሰው በዐይኑ ከሚያየው ይልቅ አጥቁሮ ያሳየው ነበር። በሙዚየም ያየነው የልጁ መልክ እናቱ ታየው የነበረው መልክ በትክክል አይደለም። ሰሌዳው ሊያየው የቻለው ያህል ብቻ ነው።

ልኩ ሳይንስ ሲሆን

ጀርመናዊው ሄርማን ቮግል በ1873 በሰሌዳው ላይ ማቅለሚያ በመጨመር አረንጓዴንም እንዲያይ ማድረግ እንደሚቻል አረጋገጠ። ቀለማትን ሁሉ የሚያይ ሰሌዳ ለገበያ የቀረበው ግን በ1906 ነው። በመካከሉ ሌላ ለውጥ መጥቶ ነበር። በ1871 እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ ማዶክስ የደረቀውን የጄላቲን ሰሌዳ ሐሳብ አቀረበ። ይህ ሰሌዳ ከተሻሻለ በኋላ በሴኮንድ ክፍልፋይ የሚረካ ሆነ። የሌንሱን ክዳን በእጅ እያነሡ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብሎ መቁጠር ቀረና በመካኒክ የሚሠራ መዝጊያ አስፈላጊ ሆነ። ጊዜው ባጠረ መጠን ስሕተቱ እየከፋ ስለሚሄድ፣ መገመት ቀርቶ መለካት ግድ ሆነ።

በ1890 ፈርዲናንድ ኸርተርና ቬሮ ድሪፊልድ የተባሉ ሁለት ሰዎች ሰሌዳ ለተለያየ የብርሃን መጠን የሚሰጠውን መልስ በመስመር ሥለው አሳተሙ። መስመሩ ቀጥ ያለ ሳይሆን ከታችም ከላይም የተጠማዘዘ ነበር። በመካከለኛው ክፍል ብርሃን ሲጨምር ምስሉም በዚያው ልክ ይጨምራል። በታችኛው ጥምዝ ላይ ግን የተለያዩ ጥቁረቶች ተጨፍልቀው አንድ ይሆናሉ፤ በላይኛው ጥምዝ ላይ ደግሞ የተለያዩ ንጣቶች አንድ ይሆናሉ። ጥያቄው እንግዲህ የማን ፊት በመካከል ይቀመጥ፣ የማን ፊት ወደ ጥምዙ ይውረድ የሚል ነው። ጥያቄውን በዚህ መልክ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ መልሱ ግን በሥራ ላይ ውሎ ነበር።

ከዚያ በኋላ መለኪያዎቹ በየተራ መጡ። በ1932 በአሜሪካ ዌስተን የተባለው ኩባንያ የፎቶ ኤሌክትሪክ ብርሃን መለኪያ ለገበያ አቀረበ። የፊልም ብርሃን የመቀበል ኀይል በቁጥር እንዲገለጽ ጀርመኖች በ1934 ዲን የተባለውን፣ አሜሪካኖች በ1943 ኤ.ኤስ.ኤ. የተባለውን ደረጃ አወጡ። ሁለቱ በ1974 አይ.ኤስ.ኦ. በሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ተዋሐዱ። ዛሬ በካሜራችን መስኮት ላይ 100፣ 200፣ 400 እያለ የምናየው ቁጥር የዚህ ታሪክ ቅሪት ነው።

መለኪያው ግን ማሽን ነውና ፊት ለፊቱ የቆመው ምን እንደ ሆነ አያውቅም። የተሠራው የሚያየው ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው በሚል ግምት ነው። ይህም ካረፈበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን መልሶ የሚያንጸባርቅ ግራጫ ነው ተብሎ ይነገራል። ይህ ግምት በእኛ አገር የሚያስከትለውን ማንም በሰርግ ወይም በጥምቀት ቀን ፎቶግራፍ ያነሣ ሰው ያውቀዋል። ነጠላና ጋቢ የለበሱ ሰዎች ምስሉን ሞልተው ሲቆሙ መለኪያው ነጩን ግራጫ ለማድረግ ብርሃኑን ይቀንሳል። ነጠላው ይደበዝዛል፤ ፊቱም አብሮ ወደ ጨለማ ይወርዳል። በአንጻሩ አንድ ጥቁር ፊት ብቻውን ምስሉን ሲሞላው መለኪያው ጨለማ ያየ መስሎት ብርሃኑን ይጨምራል። ፊቱ ይገረጣል፤ ወዙም ይጠፋል። እኛ ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያልን በስም የምንለያቸው መልኮች ሁሉ ለመለኪያው አንድ ግራጫ ናቸው።

ይህን ችግር በሚገባ የተረዱት አሜሪካዊው አንሰል አዳምስ ከባልደረባቸው ከፍሬድ አርቸር ጋር በ1940 አካባቢ የብርሃን ደረጃዎችን ከድፍን ጥቁር እስከ ድፍን ነጭ በተራ የሚከፍል ዘዴ አበጁ። በዚህ ዘዴ መካከለኛው ግራጫ አምስተኛው ደረጃ ነው። የኤውሮፓውያን ፊት በስድስተኛው፣ ጠየም ያለ ፊት በአምስተኛው እንዲቀመጥ ይመከራል። የዘዴው ዋና ትምህርት ግን ቁጥሩ አይደለም። መለኪያው ሐሳብ ያቀርባል፤ የሚወስነው አንሺው ነው፤ ከመወሰኑም በፊት የትኛው የምስሉ ክፍል በየትኛው ደረጃ እንዲቀመጥ እንደሚፈልግ ማወቅ አለበት የሚለው ነው።

ቁናው የማን ነበር?

የቀለም ፊልም በስፋት ሲሠራጭ ጉዳዩ ይበልጥ ጎላ። በ1950ዎቹ ኮዳክ ኩባንያ ፊልም ለሚያጥቡና ለሚያትሙ ቤቶች ሁሉ የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ይልክ ነበር። በካርዱ ላይ የምትታየው ነጭ ሴት ነበረች። «ሸርሊ ካርድ» የተባለውም በመጀመሪያዋ ሞዴል ስም ነው። የእርስዋ ፊት ጥሩ ሆኖ ከታተመ ማሽኑ ትክክል ነው ይባል ነበር። ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች በአንድነት በተነሡበት የትምህርት ቤት ፎቶግራፍ ላይ የጥቁሮቹ ፊት ጠፍቶ ዐይንና ጥርስ ብቻ ሲታይ፣ ጥፋቱ የማሽኑ ሳይሆን የልጆቹ መልክ ይመስል ነበር።

ካናዳዊትዋ ተመራማሪ ሎርና ሮት የኩባንያውን የቀድሞ ሠራተኞች አነጋግረው እንደጻፉት፣ ፊልሙ ቡናማ ቀለሞችን በተሻለ እንዲለይ ግፊት ካደረጉት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ይገኛሉ። የቸኮሌታቸው ዓይነትና የእንጨታቸው ጅማት በማስታወቂያ ላይ አልለይ ብሎ ስላስቸገራቸው ነው። የልዩ ልዩ ሕዝቦችን መልክ በአንድነት የያዘ ማመሳከሪያ ካርድ የመጣው በ1990ዎቹ ነው። የጥቁር እናቶች ቅሬታ ያላንቀሳቀሰውን ፋብሪካ የገበታና የወንበር ቀለም አንቀሳቀሰው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይሁን እንጂ ለጥቁር ፊት ብርሃን መጨመር ብቻውን ክብር መስጠት አይደለም። የፖላሮይድ ኩባንያ የመታወቂያ ፎቶግራፍ ማንሻ በአፓርታይድ ዘመን በደቡብ አፍሪካ ጥቁሮች በግድ ይይዙት ለነበረው የይለፍ ደብተር አገልግሏል። ማንሻው የብልጭታውን ኀይል የሚጨምር ልዩ ቁልፍ ነበረው። ይህን የተረዱት የኩባንያው ጥቁር ሠራተኞች ካሮላይን ሀንተርና ኬን ዊልያምስ በ1970 የተቃውሞ እንቅስቃሴ አስነሡ። ኩባንያውም በ1977 ከደቡብ አፍሪካ ወጣ። ፊቱ እንዲታይ የተፈለገው ለመቆጣጠር ከሆነ ጥሩ ልክ ለክፉ ሥራ ይውላል። ስለዚህ ስለ ካሜራ ልክ የሚነሣው ጥያቄ የጥራት ብቻ ሳይሆን ማን ለምን ዓላማ ያነሣል የሚልም ነው።

በአገራችን ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የአርመን ተወላጆች የሆኑት የቦያጂያን ቤተሰብ አባላት ለቤተ መንግሥት በተከታታይ ፎቶግራፍ አንሥተዋል። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒ ዤራር በ1996 ባሳተሙት መጽሐፍ እስከ 1935 ድረስ ያለውን የኢትዮጵያ ፎቶግራፍ ታሪክ ሰብስበው አቅርበዋል። ያ መሣሪያ ሁሉ ከውጭ የመጣ ነበር። የሰሌዳው ቀመርና የመለኪያው ግምት የተበጁት በሌላ አገር ፊት ላይ ነበር። እዚህ ጥሩ ፎቶግራፍ ያነሣ ሁሉ ያነሣው ከመሣሪያው ጋር እየተከራከረ፣ በዐይኑና በልምዱ እያረመው ነው።

ዲጂታሉ ዘመን

በ1969 ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ በቤል ላቦራቶሪ ሲ.ሲ.ዲ. የተባለውን ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ መሣሪያ ፈለሰፉ። በዚህም የ2009ን የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። በ1975 የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ ሠራ። ክብደቱ 3.6 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። 100 በ100፣ ማለትም 10,000 ነጥቦች ያሉትን አንድ ምስል በካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር። በዚያው ኩባንያ ብራይስ ቤየር በ1976 በባለቤትነት የተመዘገበለትን የቀለም ማጣሪያ አቀናበረ። ከአራት ነጥቦች ሁለቱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ የሚያዩበት ይህ ዘዴ ዛሬም በአብዛኞቹ ካሜራዎች ውስጥ አለ።

ዲጂታሉ ካሜራ ከፊልሙ ዘመን የወረሳቸው ሦስት ልኮች አሉ። የመጀመሪያው አፐርቸር የሚባለው የሌንሱ ዐይን ስፋት ነው። ቁጥሩ የሌንሱ የትኩረት ርዝመት ለዐይኑ ስፋት ሲካፈል የሚገኝ ስለ ሆነ፣ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ 25 ሚሊ ሜትር ሲከፈት 2 ይባላል። ከ2 ወደ 2.8፣ ወደ 4፣ ወደ 5.6፣ ወደ 8 ባለፍን ቁጥር ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል፤ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ግን ይጨምራል። ከ16 በላይ ብናጠበው ደግሞ ብርሃኑ ራሱ በጠባቡ ቀዳዳ ጠርዝ እየተበተነ ምስሉን ያደበዝዘዋል። ሁለተኛው የመዝጊያው ፍጥነት ነው። በእጅ ይዞ ለሚያነሣ ሰው፣ በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከ1/50 ሴኮንድ ባይዘገይ መልካም ነው። እስክስታ የሚመታ ትከሻ ግን ከ1/500 በላይ ይጠይቃል።

ሦስተኛው አይ.ኤስ.ኦ. ነው። በዲጂታል ካሜራ ላይ ይህን ቁጥር ማሳደግ ብርሃን አይጨምርም፤ የተገኘውን ጥቂት ብርሃን ያጎላል እንጂ። አብሮም ኖይዝ የሚባለውን እንደ አሸዋ የሚነሰነስ ነጠብጣብ ያጎላል። ስለዚህ ብርሃን ሲበዛ 100 ወይም 200፣ በጧፍ ብርሃን በሚደረግ የሌሊት ማኅሌት 1600 ወይም 3200 መምረጥ ይገባል። የተነቃነቀና የደበዘዘ ፊት በኋላ አይታረምም፤ ጥቂት ነጠብጣብ ያለበት ጥርት ያለ ፊት ግን ይቀመጣል።

ከእነዚህ በተጨማሪ ዲጂታሉ ያመጣቸው ምርጫዎች አሉ። አንዱ የነጭ ልክ ነው። የሻማ ብርሃን ወደ 1,900 ኬልቪን፣ የተለመደው የክር አምፖል ወደ 2,800፣ የቀትር ፀሐይ ወደ 5,500 ይጠጋል። ካሜራው በራሱ እንዲመርጥ ሲተው የጧፉን ወርቃማነት እንደ ስሕተት ቆጥሮ ሊያጠፋው ይሞክራል፤ ጠይሙም ፊት አመድ መስሎ ይወጣል። ሌላው ፋይሉን የማስቀመጫ ዘዴ ነው። በ1992 የወጣው ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃዎች ብቻ ይይዛል። ሮው የሚባለው ጥሬ ፋይል ግን በ14 ቢት ካሜራ 16,384 ደረጃዎች ይይዛል።

የእነዚህ ደረጃዎች አከፋፈል የጉዳያችን እምብርት ነው። ብርሃኑ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር የሚደርሰው ድርሻም በግማሽ ይቀንሳል። ከ16,384ቱ ውስጥ እጅግ ብሩህ የሆነው ክፍል 8,192ቱን ይወስዳል፤ ተከታዩ 4,096፣ ከዚያም 2,048፣ 1,024 እያለ አምስተኛው ጋ ሲደርስ 512 ብቻ ይቀራል። ነጩን ነጠላ ያየው መለኪያ ወደ ታች የገፋው ፊት ከዚህ ጥቂት ድርሻ ላይ ነው የሚሣለው። በኋላ በኮምፒዩተር ከፍ ሲደረግ ነጠብጣቡ አብሮ ይነሣል። በሌላ በኩል ነጠላው ከልክ በላይ በርቶ ድፍን ነጭ ከሆነ፣ የጥለቱና የሽመናው ዝርዝር ጠፍቶ ይቀራል፤ ይህን የሚመልስ ዘዴ የለም። መፍትሔው በሁለቱ መካከል ነው። የካሜራውን መለኪያ ፊቱ ላይ ብቻ አነጣጥሮ ማንበብ፣ ብርሃኑን ነጠላው እስከሚችለው ድረስ ከፍ ማድረግ፣ ሂስቶግራም በሚባለው ሥዕላዊ መግለጫ የቀኙ ጠርዝ አለመታጨቁን ማረጋገጥ፣ በጥሬ ፋይል ማስቀመጥ፣ ከሁሉም በላይ ሰዎቹን ከቀትር ፀሐይ ወደ ግድግዳ ወይም ወደ ዛፍ ጥላ መውሰድ። ጥላው ውስጥ ነጠላውና ፊቱ ይቀራረባሉ፤ ዐይንም ከቅንድብ ጥላ ይወጣል።

ዛሬ የእጅ ስልክ ካሜራ በአንድ ጠቅታ ብዙ ምስሎችን አንሥቶ እያዋሐደ ይህን ሁሉ በራሱ ይወስናል። ታዲያ ችግሩ አልፏል ሊባል ይችላልን? በ2018 ጆይ ቡኦላምዊኒና በአዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ ባወጡት ጥናት፣ ከፊት ገጽታ ጾታን የሚለዩ የኮምፒዩተር ሥርዓቶች በጠየሙ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ሲሳሳቱ፣ በነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ ግን ስሕተቱ ከ0.8 በመቶ እንዳልበለጠ አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ ማሻሻያዎች መጥተዋል፤ ጉግል በ2021 ባወጣው ስልክ የልዩ ልዩ ቆዳዎችን ቀለም በትክክል ማሳየት እንደ አንድ ተግባር ተቆጥሯል። ነገር ግን ካርዱ ቀርቶ ኮምፒዩተር ቢተካም፣ ቁናው የሚበጀው በቀረበለት ፊት ልክ መሆኑ አልተለወጠም።

በጥንታዊው የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቁ ሰው ሁለት ዐይኖቹ እየታዩ ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሶ ይሣላል፤ ክፉው በአንድ ዐይን፣ በጎን ይሣላል። ሠዓሊው ማን ሙሉ ሆኖ እንዲታይ እንደሚሻ አስቀድሞ ወስኖ ብሩሹን ያነሣ ነበር። ፎቶግራፍ አንሺውም ጣቱን ከቁልፉ ላይ ከማሳረፉ በፊት ይህንኑ ውሳኔ መወሰን ይገባዋል። ካሜራው ካልተነገረው በስተቀር የሚያውቀው ግራጫን ብቻ ነው። አያታችን በነጭ ነጠላዋ ውስጥ ሆና የምታየን ፊትዋ ሙሉ ሆኖ፣ የጠይምነትዋ ወዝ ሳይጠፋ ለልጅ ልጆችዋ እንዲደርስ ከፈለግን፣ ልኩን ከፊትዋ ላይ መጀመር የእኛ ፈንታ ነው።